አቤት ማለት ክህደት ነው ወይ?

ባለፈው ሰሚስተር አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን እናቱን ቀብሮ፣ ሠልስቷን አውጥቶ ወደ ግቢ ተመለሰ። ስሙን አንጽፍም። ሦስት ወር ሙሉ ሐኪም ቤትም ጠበልም ሲያመላልሳት፣ ሲጾምና ሲሰግድ ከርሞ የለመነው አልሆነም። በተመለሰ በሦስተኛው ሌሊት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ከላይኛው አልጋ ሆኖ እንዲህ አለን፦ «እኔ እኮ የገረመኝ መሞቷ አይደለም። ሰው ይሞታል። የገረመኝ ዝምታው ነው። ያን ያህል ስጮህ፣ እንዲያው ኮሽ የሚል ነገር እንኳ አልነበረም።»

ማናችንም አልመለስንለትም። ከፊሎቻችን እንደ ተኛ ሰው ተነፈስን።

በማግሥቱ ጠያቂ መጣ። መጀመሪያ የመጡት የጸሎት ጓደኞቹ ነበሩ። «ወንድማችን፣ ራስህን መርምር። ያልተናዘዝከው ነገር ይኖር ይሆናል። ምናልባትም በልብህ ተጠራጥረህ ለምነህ ይሆናል። ደግሞም ሁሉ ለበጎ ነው» አሉት። ጸለዩለት፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሄዱ። ማታ ደግሞ ሌላ መጣ፤ መጽሐፍ ከብብቱ የማይለይ፣ በግቢው በአንደበተ ርቱዕነቱ የታወቀ ልጅ ነው። «እንኳን ደህና መጣህ! አሁን ገና ነቃህ። ዝም ያለህ ስለሌለ ነው። ባዶ ቤት ስታንኳኳ ከርመህ ነው» አለው። እሱም ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ።

ጓደኛችን ለሁለቱም መልስ አልሰጠም። እሑድ ሲደርስ ግን ከአልጋው አልተነሣም። በተከታዩም እሑድ አልተነሣም።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በሁለቱም ጠያቂዎች ላይ ነው። በራሳችንም ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከመጀመሪያዎቹ ጋር ገብተው «ለበጎ ነው» ካሉት መካከል እኛም ነበርንበት። እኛ ማን ነን? በአንድ ጣራ ሥር የምናድር የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ዳዊት ደግሞ ያደገ የደብር ልጅ አለ፤ በመዘምራን መካከል ያደገ የመካነ ኢየሱስ ልጅ አለ፤ ከቆረበ ዓመታት ያለፉትም አለ። በብዙ ነገር አንስማማም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተስማምተናል። እግዚአብሔር ዝም ባለበት ጊዜ እምነት የሚጠበቀው ዝምታውን በማስተባበል አይደለም። ዝምታውን እንደ ፍርድ ወረቀት ተቀብሎ በመሄድም አይደለም። አቤት በማለት ነው።

በመጀመሪያ ከወገኖቻችን እንጀምር፤ ከቤት ያልጀመረ ወቀሳ ከሐሜት አይለይምና።

ለመሆኑ ይህን «ራስህን መርምር» የሚል የማጽናኛ ቃል ከየት አመጣነው? ከመጽሐፍ እንዳንል መጽሐፉ ይመሰክርብናል። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መልካም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እዚያ ላይ ቢያበቁ ኖሮ ስማቸው በበጎ በተነሣ ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ከዚያ በኋላ ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ እየደረቡ አንድ ነገር ብቻ ይሉታል፤ ብትበድል ነው እንጂ እንዲህ አያደርግህም! ኢዮብ ግን አልበደልኩም ይላል፤ ይከራከራል፤ ፈራጁን ራሱን ካላገኘሁ ብሎ ይጮኻል። መጨረሻው ምን ሆነ? ኢዮብ ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ መገሠጹ አልቀረለትም። ነገር ግን ቁጣው የወረደው በወዳጆቹ ላይ ነበር፤ ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ ነው እንጂ እነሱ አይደሉም ተባለ። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ አቅርበው፣ ያ የወቀሱት ሰው እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ልብ በሉ፤ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙት ተረቱ፤ አቤት ያለው ሰው ተመሰከረለት።

ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፣ ኃጢአቱ የማን ነው፣ የእሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ የእሱም የወላጆቹም አይደለም የሚል ነው። ታዲያ ጌታ አልቀበልም ያለውን ሒሳብ እኛ በየመኝታ ክፍሉ እየዞርን የምናወራርደው በማን ሥልጣን ነው?

እናቶቻችን ከእኛ ይሻላሉ። ሀ ሁ ያልቆጠረች የእድር እናት ለቅሶ ቤት ስትገባ ምን ታደርጋለች? ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች፤ ትቀመጣለች፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ትላለች፤ ቆሎውን ቆንጠር አድርጋ ዝም ትላለች። ሟቹ ለምን እንደ ሞተ አታብራራም። ያጥናችሁ ነው የምትለው፤ ሸክሙ ከባድ ነው፣ የሚያጸና ያስፈልጋችኋል ማለቷ ነው። እኛ ግን ሁለት ሦስት መንፈሳዊ መጽሐፍ ስላነበብን ዝምታ አቃተን።

ይህ ዓይነቱ ማብራሪያ የሚጎዳው አንድ ሐዘንተኛን ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ኃጢአት ነበር። ግን ከዚያም ያልፋል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፉን ይዘው መጥተው ለሕዝብ ለማሳየት ተሟገቱ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ስታከብር፣ በሰሜን ሰው በየሜዳው እየወደቀ ነበር፤ የኮረም ሥዕል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም የታየው በጥቅምት ነው። በሁለቱም ጊዜ «የእግዜር ቁጣ ነው» ያለ ሰው አልጠፋም። ዝናቡ የቀረው ከሰማይ ነው እንበል። ጦርነቱስ? መሸሸጉስ? እህል ሊደርስበት የሚችል መንገድ መዘጋቱስ? የሰውን ጥፋት በእግዚአብሔር ቁጣ ስም ስንጠራው ጥፋተኛውን ነፃ አወጣነው፤ ሟቹን ወነጀልነው። የእግዚአብሔርንም ስም ለወንጀለኛ መሸሸጊያ አከራየነው። እና ይሄ ነው እምነት?

እንግዲህ ምን እንበል ነው ጥያቄው። አማርኛችን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ሰው ሲጠራን «አቤት» እንላለን። ስንበደልም «አቤት» እንላለን። የተበደለ ሰው ለዳኛ የሚያቀርበው አቤቱታ ይባላል። በአማርኛው ዳዊት ውስጥ ደግሞ እግዚአብሔር የሚጠራበት ቃል «አቤቱ» ነው። የቃሉን ሥር ሊቃውንቱ ያመሥጥሩት፤ በእኛ ጆሮ ግን እነዚህ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለተጠራ ሰው መልስ የሆነው ቃል ለተበደለ ሰው ጩኸት ነው፤ ለጸሎተኛም መጥሪያ ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ እየተናገርን፣ አቤቱታ ከጸሎት ውጪ ነው የሚለውን ትምህርት እንዴት ተቀበልነው?

ዳዊትንም ተመልከቱ። ከ150ው መዝሙራት ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ነው። እስከ መቼ ነው የሚል አለ፤ ለምን ፊትህን ሰወርክ የሚል አለ፤ ተኝተሃል ወይ፣ ንቃ እስከ ማለት የሚደርስ አለ። አብዛኛዎቹ ወደ መጨረሻው ገደማ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ። አንዱ ግን አይመለስም። በዕብራይስጡ ቁጥር 88ኛው፣ በግዕዙ ዳዊት 87ኛው መዝሙር ጠዋት ማታ ጮኾ፣ ወዳጅ ጎረቤቱን ሁሉ አጥቶ፣ ጨለማ ላይ ያበቃል። አሜን የሚያሰኝ ማሳረጊያ የለውም። ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ የፋቀው አባት የለም። ይልቁንም አባቶች የቄስ ተማሪ ቤት የገባውን ሕፃን ፊደል አስቆጥረው ዳዊት ሲያስደግሙት ይህንንም አብረው በአፉ ያስቀምጡበታል። ልጁ ገና የሚያማርረው ነገር የለውም። አንድ ቀን ግን ይመጣበታል፤ ያን ቀን ቃል እንዳያጣ አስቀድመው ስንቅ ቋጠሩለት። እኛ ይህን ስንቅ ከጓደኛችን ጉያ ቀማነው።

ተረቱም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል። በጸሎት ጉባኤ መካከል ፈገግ ብሎ ቆሞ ውስጡ ባዶ የሆነበት ስንት ተማሪ አለ? «እንዴት ነህ?» ሲባል «ይመስገን!» ይላል። ማመስገኑ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሌላ መልስ ስላልተፈቀደለት ነው ክፉው። እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ቀን ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ «መጀመሪያም የእኛ አልነበረም» እንላለን። የእኛ ነበር። አቤት የሚልበት ቦታ ነው ያጣው።

የአያቶቻችንን ወግ እናስታውስ። በዚያ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ከባላባቱ ወይም ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ደጅ ይጠና ነበር። ስንቁ አልቆ፣ ልብሱ ነትቦ፣ ንጉሡ ባለፉ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይላል። ደጅ የሚጠና ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ ፍርድ አላገኘም። ሁለተኛ፣ ከውስጥ ሰው አለ። ከሁለቱ አንዱን ከካደ ደጅ አይጠናም፤ ፍርድ ያገኘ መስሎት ወይም ቤቱ ባዶ መስሎት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይገባል። እርግጥ ምሳሌው እስከ ጫፍ አይሄድም። እግዚአብሔር መማለጃ የሚጠብቅ ባላባት አይደለም። ቢሆንም ጌታ ራሱ ስለ ጸሎት ሲያስተምር፣ ዐመፀኛውን ዳኛ በመመላለስ ስላሰለቸችው መበለት ተናግሯል። መበለቲቱን ለምን ጮኸች ብሎ አልነቀፋትም፤ ለምሳሌነት አቆማት እንጂ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠያቂ እንዙር። ወንድማችን ሆይ፣ ነገርህ ቀላል ነው ብለን አናናንቀውም። የኮረምን ሜዳ አይቶ «የት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ጥያቄው የንጹሕ ሰው ጥያቄ ነው። እንዲያውም ከአንዳንድ መዝሙራችን ይልቅ ያንተ ቁጣ ለመጽሐፋችን ይቀርባል። ዕንባቆም ሦስት ምዕራፍ ብቻ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ነች፤ ግፍ እየጮኸ ለምን አትሰማም፣ ክፉው ጻድቁን ሲውጠው ለምን ዝም ትላለህ እያለች ነው የምትጀምረው። ኤርምያስም አታለልኸኝ እስከ ማለት ደርሷል። ያንተን ክስ ከአንተ በፊት የጻፉት እነዚህ ናቸው፤ እኛም ስንማለድ የምናነባቸው ናቸው።

ታዲያ በምን ተለያየን? አንተ ክሱን ጀምረህ መሐል ላይ መዝገቡን ዘጋኸው። መልስ አልመጣም፣ ስለዚህ የሚመልስ የለም አልክ። ይህ ድምዳሜ የሚመስለውን ያህል የጠነከረ አይደለም። ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው፤ የባዶ ቤት ዝምታ አለ፣ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ አለ፣ ከሐዘንተኛ ጎን የተቀመጠች የእድር እናት ዝምታ አለ። ከደጅ ሆኖ የቆመ ሰው የትኛው እንደሆነ በጆሮው ብቻ ሊለይ አይችልም። እኛም አንችልም፤ ያንን ሳንሸሽግ እንነግርሃለን። በሒሳብ ስሌት የምናሳይህ ማስረጃ የለንም። ግን አንተም የለህም። አንተ እርግጠኛ ሆነህ መጣህ፤ ያውም እናቱን በቀበረ በሳምንቱ።

ይህንንም እንጨምርልህ። አንተና እነዚያ «ራስህን መርምር» ያሉት ሰዎች ተቃራኒ ትመስላላችሁ እንጂ መንትያ ናችሁ። እነሱ ዝምታውን በኃጢአት ፈቱት፤ አንተ በባዶነት ፈታኸው። እነሱም አንተም ነገሩን በአንድ ምሽት ጨርሳችሁ ወጣችሁ። ዝምታውን አብሮት የተሸከመ አልነበረም። ልጁ የጠየቃችሁ ማብራሪያ አልነበረም፤ እንዲያውም እናንተን አልጠየቀም። ክሱ ወደ ላይ የተላከ ነበር፤ እናንተ መሐል ላይ ፖስታውን ከፍታችሁ መልስ ጻፋችሁበት።

«ይህ ሁሉ የደካማ ሰው መጽናኛ ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ መጽናኛ ሳያገኙ የቆዩትን ሰዎች እንመልከት።

እማሆይ ቴሬሳ እ.ኤ.አ. በ1910 በስኮፕዬ ተወለደች፤ በ1948 በካልካታ ጉስቁል ሠፈሮች ሥራዋን ጀመረች። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ወደ አገራችን መጥታ ነበር፤ የማኅበሯ እኅቶችም በአዲስ አበባ ከመንገድ የወደቀ በሽተኛ ማንሣት ከጀመሩ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዓለም ሁሉ ይቺ ሴት ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ጎረቤት የምትነጋገር ይመስለው ነበር። በ1997 ከሞተች ከ10 ዓመት በኋላ ለንስሓ አባቶቿ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ታትመው ሲወጡ ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። ሥራዋን ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ለ50 ዓመት ያህል፣ ከጥቂት ፋታ በቀር፣ በውስጧ የነበረው ጨለማና የመተው ስሜት ነበር። ስትጸልይ የሚሰማት ነገር አልነበረም። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «ግብዝ ነበረች» አሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ምንም ሳይሰማት ሌሊት ተነሥታ የጸለየች፣ ምንም ሳይሰማት የቁስለኛ እግር ያጠበች ሴት ግብዝ ከተባለች፣ ደስ ሲለን ብቻ የምንጸልይ እኛ ምን እንባላለን? ያንን የጻፈችው ደግሞ ለአደባባይ አልነበረም። ለሚሸከምላት ሰው አቤት አለች፤ ማለዳ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከአገራችንም እንጥቀስ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአዲስ አበባ መንገድ ታፍነው ተወሰዱ። አስቀድሞ ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። በዚያው ክረምት ከሦስት ዓመት በፊት ከመንበራቸው ተነሥተው የታሰሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን ተገኝቶ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። መሐል ላይ ያሉትን ዓመታት ቁጠሩ፤ 13 ናቸው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ራሳቸው ተይዘው ተሠቃይተው ከእነዚህ ዓመታት አሥሩን ያህል በእስር ቤት አሳለፉ። ለእነዚያ ቤተሰቦች ዝምታ የፍልስፍና ርዕስ አልነበረም። ከመንግሥትም መልስ የለም፣ ከሰማይም መልስ የለም። የጸለዩት ጸሎት «ይመለስ» የሚል ነበር ብለን ብንገምት የምንሳሳት አይመስለንም፤ አልተመለሱም። ቢሆንም ወይዘሮ ፀሐይ እምነታቸውን ይዘው ከእስር ወጡ። እንዲህ ያለ እምነት ፊት ቆመን «ለበጎ ነው» ልንል አፋችንን ብንከፍት አፈር ይሙላው። «ባዶ ቤት ነው ያንኳኳችሁት» ለማለትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በራሳችን ላይ እንናገር፤ ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ። በግቢያችን ጥርጣሬን እንደ አዲስ ካፖርት የሚለብስ ሰው አለ። ምንም ሳይደርስበት «እግዚአብሔር ርቆኛል» እያለ በየካፍቴሪያው ሲተክዝ የሚውል፣ ትካዜውም ግጥም ሆኖ በዚህችው መጽሔት እንዲወጣለት የሚጥር አለ። ከእኛም መካከል አለ፤ ስም አንጠራም እንጂ እናውቀዋለን። አቤቱታ ይህ አይደለም። አቤት የሚል ሰው ጉዳይ አለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከአፍ የመጣ ሮሮ ግን ሻይ እስኪቀርብ ብቻ ነው የሚቆየው።

ታዲያ እግዚአብሔር የራቀበት ሰው ምን ያድርግ? ሊቃውንት አይደለንም፤ የተማርነውን ብቻ እንናገራለን። አንደኛ፣ አይዋሽ። የማይሰማውን ደስታ ተሰማኝ አይበል። ሁለተኛ፣ ከደጁ አይነሣ። ቃል ካጣ የዳዊትን ቃል ይዋስ፤ እሱን ማንበብ ካቃተው ሌላው ሲያነብ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ብቻውን አይሁን። ያ ሽባ ሰው ወደ ጌታ የደረሰው አራት ሰዎች ተሸክመውት፣ ጣራ አፍርሰው ነው፤ ወንጌሉም ጌታ እምነታቸውን አይቶ ይላል፤ የተሸካሚዎቹን ጭምር ማለት ነው። በአንድ ሰው ጉልበት የማይቻል እምነት በአራት ሰው ትከሻ ይቻላል። የማኅበር ትርጉሙ ይህ ነው እንጂ አብሮ መዘመር ብቻ አይደለም። አራተኛ፣ እጁ ሥራ አይፍታ። ለእግዚአብሔር የምናደርገው አንድም ነገር አልታይ ሲለን ለታመመ ጓደኛ ምሳ ማምጣት፣ ለደከመ ማስጠናት አይጠፋም።

ለእኛም ለጤነኞቹ አንድ ትእዛዝ ይበቃናል። ጣራ ማፍረስ ካልቻልን ቢያንስ በሩን አንዝጋ።

በመጨረሻም ስለ አንድ ቀን እንናገር። ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት የምታደርገውን አይታችኋል። መስቀል መሳለም ይቀራል፤ ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ሰላምታ እንኳ ይቆማል። ዐርብ በዘጠኝ ሰዓት የሚነገረው ጩኸት የልጁ ጩኸት ነው፤ ለምን እንደ ተተወ አባቱን የጠየቀበት። የጠየቀውም በዳዊት ቃል ነበር፤ በግዕዙ ቁጥር በ21ኛው መዝሙር። በዚያች ሰዓት ከሰማይ መልስ እንደ መጣ ወንጌሉ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ይመጣል። ቀዳም ሥዑር እንለዋለን፤ በሌላ ቅዳሜ የማይጾመውን እንጾማለን፤ ያከፈለውም እህል ውኃ ሳይቀምስ ይውላል። ጌታ በመቃብር ነው። ክርስትና ማለት የዚህን ቀን ባዶነት ሳይደብቅ፣ ስም ሰጥቶ፣ በዓመቱ ውስጥ ቦታ የሰጠው እምነት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በቅዳሜ ውስጥ ያለ ወንድሙን «እሑድ የማታምን» ብሎ አይከሰውም፤ «እሑድ አይመጣም» ብሎም አይሰብከውም።

በዚያችው ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቀጤማ ያድላሉ። ሰዉ ሁሉ እየተሻማ በራሱ ዙሪያ ያስራል። ጾሙ ግን አልተፈታም። ሌሊቱ ገና ነው። ምልክቱ ከቀኑ ቀድሞ ይታሰራል።

ጓደኛችን እንዴት ሆነ ትሉ ይሆናል። አልተለወጠም፤ ተአምር አንጽፍም። አሁንም ምንም አይሰማኝም ይላል። ግን ከሁለት ወር በፊት ከእኛ አንዱ ሌሊት ላይ የላይኛውን አልጋ ቀና ብሎ አይቶ፣ «ይቅርታ፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም ነበር፤ የምለው አጥቼ ነው» አለው። ለረጅም ጊዜ ዝም ተባባሉ። ከዚያ ወዲህ በየማታው አንዳችን ዳዊት እናነባለን፤ እሱ ይሰማል። 87ኛው ላይ በደረስንበት ማታ «ቆይ፣ እሱን ድገመው» አለ። ደገምንለት።

እሑድ እሑድ ደግሞ አሁን ከአልጋው ይነሣል። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጦ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይቆያል። ምን ትሠራለህ ሲሉት «ደጅ እጠናለሁ» ይላል።

እኛም ከእሱ ጋር መቀመጥ ጀምረናል። ድንጋዩ ሰፊ ነው። ማብራሪያችሁን ከግቢ ትታችሁ ለመምጣት የምትወዱ ሁሉ፣ ለእናንተም ቦታ አለ።